የእትዬ እማዋይሽ ጫጩት

«ማሽኑ ነው ወይስ እግሬ?» ብለው የጠየቁኝ ዕለት እውነቱን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ፣ እትዬ እማዋይሽ በገዛ እግራቸው ከብት ተራ ይገቡ ነበር?

መልሱን አላውቀውም። በሙያዬ የተማርኩትን ሁሉ አገላብጬ ባየው «ምናልባት» ከማለት አያልፍም። እኔ ደግሞ ምናልባት የሚባለውን ቃል የማልወድ ሰው ነኝ፤ ልኩ ያልታወቀ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ማረፋቸውን የሰማሁት በጥር ነው። ወረታ ውስጥ በምሠራባት ክፍል የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ይዤ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ትርንጎ ነበረች።

«እናቴ አረፈች» አለችኝ።

«እሽ» አልኳት። እሽ ብቻ። የሆነ ነገር እንድጨምር ጠበቀች። ሳልጨምር ስቀር «በይ ደህና ዋይ» ብላ ዘጋችው። እኔም የሽማግሌውን ጉልበት ማጠፍና መዘርጋት ቀጠልኩ። «ምነው ልጄ፣ አጠበቅሽብኝ» እስኪሉኝ ድረስ ምን ያህል እንደያዝኳቸው አላወቅሁም።

እትዬ እማዋይሽ የከብት ደላላ ነበሩ። በወረታ ከብት ተራ ከሳቸው በፊት ሴት ደላላ ነበረች ሲባል አልሰማሁም፤ ከሳቸው ወዲህም አላየሁም። ሥራው የባላቸው ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ዱላቸውን አንስተው በሚቀጥለው ገበያ ባላቸው ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሙ። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ በኋላ ግን በሬ የሚገዛ ሰው ሁሉ «ቆይ እማዋይሽ ትየው» ማለት ለመደ። ረጅም ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረው፣ የወንድ ላስቲክ ጫማ ተጫምተው በከብቱ መሐል ሲሄዱ መንገድ የሚለቅላቸው ከብቱ ነው።

ሌላው ደላላ መጀመሪያ ጥርስ ያያል። እሳቸው ጥርስ የሚያዩት መጨረሻ ላይ ነው። «አስኪዱት» ይላሉ። በሬው ሲሄድ ከኋላው ቆመው ያያሉ። «አዙሩት» ይላሉ። ሲመጣም ከፊት ያያሉ። ከዚያ ወይ ዱላቸውን ያነሳሉ፣ ወይ ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ። ሻጩ «ምን አገኙበት?» ብሎ ቢከተላቸው «እሱን ጠይቀው፤ ሲሄድ ሁሉን ይናገራል» ይሉታል።

ጥሩ ከብት ሲያዩ ግን የሚያደርጉት ሌላ ነው። ፊታቸው ይጠቁራል። «ምን አላት ይች? ቆዳና ቀንድ ናት» ብለው ወደ ጎን እንትፍ ይላሉ። የጊደሯ ባለቤት አይቀየምም፤ እንዲያውም ልቡ ይሞላል። በኛ አገር ያማረ ነገር በአፍ አይመሰገንም፤ የሰው ዓይን ያርፍበታል ይባላል። ጊደር ስትፋፋ «ከሳች»፣ ሕፃን ሲያምር «ይህ ፉንጋ»፣ በሽተኛ ሲሻለው «እንዳለ ነው»። እኔ ፈተና ያለፍኩ ዕለት እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ወደቀች» ብላ ተናግራለች። ቤታችን ድረስ መጥተው ያጽናኑኝ ሴቶች ነበሩ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተጽናናሁ።

ፈተና ለመፈተን የበቃሁት በስንት መከራ ነው። ከባል ቤት ተመልሼ፣ ሙሉ ሴት ሆኜ፣ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ገባሁ። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድ በከብት ተራ በኩል ነው። ደብተሬን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ሳልፍ አንዱ ደላላ «እመቤት፣ ልጅሽን ልታደርሽ ነው?» አለኝ። ሌሎቹ ተንከተከቱ። እትዬ እማዋይሽ የያዙትን የጊደር ገመድ ሳይለቁ ዞሩበት።

«አንተ፣ የበሬህን ዕድሜ መቁጠር አቅቶህ የሰው ዕድሜ ትቆጥራለህ?»

ሳቁ ወደሱ ዞረ። ወደኔ ደግሞ «ሂጅ! ምን ገትሮሻል?» ብለው ጮሁብኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ደብተሬን ደብቄ አላውቅም። ያንን ለሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም፤ እኔ እንዲህ ያለውን ነገር በልቤ እንጂ በአፌ አልችልበትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጎንደር ተምሬ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆኜ ወረታ ተመለስኩ። አንድ የየካቲት ጠዋት ትርንጎና አንድ የባጃጅ ሹፌር እኒያን ሴት ግራና ቀኝ ደግፈው ክፍሌ ይዘዋቸው ገቡ። ደም ግፊት እንዳለባቸው ሳያውቁ ኖረው ስትሮክ መትቷቸው ነበር። ግራ ጎናቸው ዝሏል። ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም።

«ወጌሻዋ አንች ነሽ?» አሉኝ።

«ወጌሻ አይደለሁም እትዬ፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።»

«ስሙ ረዘመ እንጅ ሥራው ያው ነው። በይ እግሬን መልሽልኝ፤ ገበያው ያለኔ ተበላሸ። ባለፈው የሚያነክስ በሬ ለአንድ የዋህ ገበሬ ሸጡለት አሉ፤ ደግሞ ተመራርቀው!»

አላወቁኝም። እኔም «ደብተር ይዤ በከብት ተራ የማልፈው እኔ ነኝ» አላልኳቸውም።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያውኑ ቀን ነገሩኝ። «በሰው ተደግፌ ከብት ተራ አልገባም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደልል አይተሽ ታውቂያለሽ? ደላላ ከከብቱ ኋላ መሄድ አለበት። ለመሄድ የማልበቃ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝና ቤቴ ልቀመጥ።»

«እንሞክራለን» አልኳቸው።

«እንሞክራለን!» አሉ ወደ ትርንጎ ዞረው። «ቃሏ እንዴት ውድ ነው እናንተ! ይችን ልጅ ድዳዬ ነው የምላት።»

ስሜ ድዳዬ ሆኖ ቀረ።

ክፍላችን ውስጥ አንድ ማሽን ነበረች፤ በስጦታ የመጣች፣ እኔ እስክመጣ ድረስ ከካርቶኗ ያልወጣች። ባዮፊድባክ ይሉታል። ሰውነት የሚሠራውን ለባለቤቱ በድምፅ ወይም በብርሃን መልሶ መንገር ማለት ነው። ስትሮክ የመታው ሰው ደካማው እግሩ መሬት ላይ ምን ያህል እንዳረፈ አይሰማውም። ክብደቱን ሁሉ በደህናው እግር ላይ ይጥላል፤ ያኛው ደግሞ ሥራ በፈታ ቁጥር ይብስበታል። የኛዋ ማሽን ጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ስስ ገበርና ወገብ ላይ የምትታሰር ትንሽ ሳጥን ነበረች። ደካማው እግር የተወሰነ ክብደት ሲሸከም ሳጥኗ «ጭው» ትላለች። ያ ክብደት ስንት እንደሚሆን የሚወሰነው በጎኗ ባለች ማዞሪያ ነው። ሰውየው እየበረታ ሲሄድ ማዞሪያዋን ከፍ ታደርጊያለሽ፤ እግሩም ድምፁን ለማግኘት የበለጠ ይሠራል።

እትዬ እማዋይሽ መጀመሪያ የሰሙት ዕለት ደንግጠው የብረት መደገፊያውን በቀኝ እጃቸው ጨበጡ።

«ምንድን ነች?»

«እግርዎ ናት፤ ረግጠዋል ማለት ነው።»

«እኔ ነኝ ያስጮህኋት?» እንደገና ረገጡ። ጭው። «ኧረ ትርንጎ፣ ጫጩት ገባች እግሬ ውስጥ!»

ከዚያ በኋላ ማሽኗ ጫጩት ሆነች። ገና ከባጃጅ ሳይወርዱ «ጫጩቴን አምጭልኝ!» የሚለው ድምፃቸው በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቀውን በሽተኛ ሁሉ ያስቀው ነበር። ሲደክማቸው ያነጋግሯታል፤ ስትዘገይባቸው ይሰድቧታል። አንድ ቀን ሳጥኗን እየፈታሁላቸው «ታውቂያለሽ ድዳዬ፣ ይች ካንች ትሻላለች» አሉኝ። «አንች አይተሽ ዝም ትያለሽ። እሷ ሳታይ ትናገራለች።»

«እኔም እኮ አያለሁ።»

«ታዪያለሽማ! ዓይን አለሽ። እሷ ዓይን የላትም፤ ለዚህ ነው ብታመሰግነኝም የማልታመመው።»

ይህን ያሉት እየሳቁ ነው። ነገሩ ግን ቀልድ እንዳልነበረ ያኔም ይገባኝ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ እትዬ እማዋይሽ በምርኩዝ ብቻ ከባጃጁ እስከ በሩ ይመጡ ነበር። በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች ያያሉ፤ አይተውም ፊታቸውን ያዞራሉ። «እንዴት ናቸው?» ሲሉ ትርንጎን ይጠይቋታል። «እንዳለች ናት፤ ምንም የለ» ትላለች ትርንጎ፣ እናቷ ፊት። ከንፈር ይመጥጣሉ። ጎረቤት ቤታቸው ሲመጣም እንዲሁ ነበር አሉ። ሁሉም የሚወዳቸው ሰው ነው፤ ሁሉም ከዓይን ሊጠብቃቸው ነው። እኔ ደግሞ ባለሙያዋ፣ በሁለት ሚዛን ላይ አቁሜ እግራቸው የሚሸከመውን የማውቅ፣ «ጥሩ ነው» የሚለውን ቃል እንኳ አላወጣሁም። ስጀምር ምንም አይሸከም የነበረ እግር ከገላቸው ግማሹን ሊሸከም ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን ያየሁ ዕለት ልቤ ዘለለ፤ በአፌ ያልኩት ግን «ነገ ጫማዎን ጠበቅ አድርገው ይሰሩት» ነው። ዓይን የሚባለውን ነገር እኔ አላምንበትም። ያደግሁበት ግን በሱ ነው፤ አፌ ከኔ በፊት ያምናል።

እናም በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ለእትዬ እማዋይሽ «እየተሻለሽ ነው» የምትላቸው ያቺ ሳጥን ብቻ ነበረች።

ችግሩ ደግሞ ደላላ መሆናቸው ነው። ጫጩቷን ማታለል ተማሩ። አንድ ቀን ከደጅ ስመለስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በቀኝ እጃቸው ግራ ጭናቸውን እየተጫኑ ያስጮኋታል። «እይ! ተቀምጬም እሄዳለሁ!» ትርንጎ በሳቅ ሞተች። እኔ አልሳቅሁም። ቆመው ሲሄዱም ጎናቸውን ወደ ግራ ጥለው፣ ትከሻቸውን ወርውረው፣ እንደ ዘነዘና ዱብ እያሉ ይረግጣሉ። ጫጩቷ ትጮኻለች፤ አረማመዱ ግን ይበላሻል።

«እትዬ፣ እንዲህ አይደለም።»

«ጮኸች አልጮኸችም?»

«ጮኸች።»

«እንግዲህ ከሷ ጋር ተነጋገሪ።»

አስቆጡኝ። ለጨዋታ ብለው እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ ግን ልክ ያልሆነ ነገር ፊቴ ሲሠራ ደሜ ይፈላል። በሰኔ አንድ ጠዋት፣ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት፣ ማዞሪያዋን ከፍ አደረግኋት። መጽሐፉ በጥቂት በጥቂቱ ይላል፤ እኔ በጥቂቱ አላደረግሁም። በተንኮል እንዳያስጮኋት፣ በትክክል ካልረገጡ በቀር እንዳትሰማቸው፣ ብዬ ነው። ከነገርኳቸው ሌላ ዘዴ ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ አልነግራቸውም፣ አልኩ በልቤ።

መጡ። አሰርኩላቸው። በመደገፊያው መሐል ቆመው አንድ ረገጡ። ዝም።

ደግመው ረገጡ። ዝም።

«ምነው ዝም አለች?»

«ይቀጥሉ እትዬ።»

ቀጠሉ። ያን ቀን ተንኮል አልነበራቸውም። ጎናቸውን አልጣሉም፣ አልዘለሉም፤ እግራቸውን በደንብ አንስተው፣ ተረከዛቸውን አስቀድመው፣ እኔ ከየካቲት ጀምሮ ስለምናቸው የኖርኩትን አረማመድ ሄዱ። እንደዚያ ቀን አድርገው ተራምደው አያውቁም። ሳጥኗ ግን ዝም አለች። መጨረሻ ደርሰው ሲዞሩ ግንባራቸው በላብ ረጥቧል።

«ባትሪው አልቆ ይሆናል» አለች ትርንጎ ከወንበሯ።

«አላለቀም» አልኩ።

እትዬ እማዋይሽ ቀና ብለው አዩኝ። እንዲያ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም። የሚቀልዱበት አፋቸው ተዘግቷል።

«ድዳዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማሽኑ ነው ወይስ እግሬ?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ማዞሪያዋን ከፍ ስላደረግኋት ነው፤ እግርዎ እየበረታ ስለሆነ።» አፌ ላይ ነበር። ግን ደግሞ ሳትነግሪኝ ለምን አደረግሽ ይሉኛል፣ ትርንጎ ትሰማለች፣ ተንኮላቸውም ይመለሳል፣ ነገ እነግራቸዋለሁ፣ አልኩ።

«ማሽኑ ደህና ነው» አልኳቸው።

ቃሉን ስናገረው ውሸት አልነበረበትም። ማሽኑ በእርግጥ ደህና ነበር። ሁልጊዜ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው፤ ልክ ያልሆነ ነገር እንዳልናገር።

«እሽ» አሉ። «እሷ አታዳላም።»

በቀኝ እጃቸው ሳጥኗን ራሳቸው ፈትተው ሰጡኝ። ወደ በሩ ሲሄዱ ምርኩዛቸውን ትተው የትርንጎን ትከሻ ያዙ። በረንዳው ላይ አንዲት ሴት «እንዴት ናቸው?» ስትል ሰማሁ። «እንዳለች ናት» አለች ትርንጎ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጡም። ከዚያ በኋላም አልመጡም። ደወልኩ፤ ትርንጎ «በቃኝ ብላለች፤ አትነሳም» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት፤ ለምን እንደሆነ እያወቅሁ። «እግሬ ሄደች ትላለች።» ያኔም በስልክ ልነግራት እችል ነበር። ክረምቱ ገባ። ርብ ወንዝ ሞላ፤ እሳቸው በሚኖሩበት በቁሐር ሚካኤል በኩል ያለው ሜዳ ውሃ ተኛበት። ባጃጅ አይገባም፣ መንገዱ ተቆርጧል፣ ስል ከረምኩ። ትርንጎ ግን በዚያው ውሃ ውስጥ ጉልበቷ ድረስ እየገባች በየገበያው ወረታ ትመጣ ነበር። አንድ ሁለቴ ከሩቅ አይቻት በሌላ መንገድ ሄጃለሁ።

በጥቅምት፣ መሬቱ ሲጠነክር ሄድኩ። እትዬ እማዋይሽ ደጅ፣ ግድግዳው ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከስተዋል። ከብቶች ከወንዝ ሲመለሱ በፊታቸው ያልፋሉ፤ ቀና ብለው አያዩም።

«መጣሽ ድዳዬ?»

«መጣሁ እትዬ። እንዴት ከረሙ?»

«እንዲህ ነኛ። እግሬ ጥላኝ ሄደች። ደህና ጊዜ ነበር የነገረችኝ፣ ጫጩቷ። እናንተ ሰዎች ስታባብሉኝ ትኖሩ ነበር።»

እኛ ሰዎች! ማን አባበላቸው? አንድ መልካም ቃል ያሰማቸው ሰው አልነበረም።

ግራ እግራቸውን ይዤ አየሁት። ባቱ ደርቋል፤ ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ብሏል። ያ በሰኔ ያየሁት እግር አልነበረም። በቦርሳዬ ውስጥ ሳጥኗን ይዣት መጥቻለሁ፤ ማዞሪያዋን ዝቅ አድርጌ፣ እንድትጮህላቸው። አላወጣኋትም። አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሐል አንዲት ጎረቤት በአጥር በኩል «እንዴት ዋሉ እማዋይሽ?» አለች፤ ትርንጎ ከውስጥ «እንዳለች ናት» ብላ መለሰች። ቃሉ ያው ነው፤ አሁን ግን እውነት ሆኗል።

አፌን መልሼ ዘጋሁት። አሁን ብነግራቸው በከንቱ አጣሁት ብለው ይበልጥ ያዝናሉ፣ አልኩ። ጥሩ ምክንያት ይመስላል። ያን ጊዜ የፈራሁት ግን የሳቸውን ሐዘን አልነበረም፤ ሲሰሙ እኔን የሚያዩበትን ዓይን ነው።

ጥቂት ጊዜ ተመላልሼ እግራቸውን አሻሸሁ፣ ዘረጋሁ። እንዲነሱ ስለምናቸው ላፍታ ይቆሙና ይቀመጣሉ። «ላንች ብዬ ነው» ይሉኛል፤ ለልጅ እንደሚደረገው። በገና ሰሞን ሳል ያዛቸው። ተኝቶ የከረመን ሰው ሳል ቶሎ አይለቀውም። በጥር አረፉ።

ለቅሶ ሄድኩ። ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። በሕይወት ሳሉ በአፍ ያልተነገረው ሁሉ ያን ቀን ወጣ። «እንደ እማዋይሽ ማን ነበር?» አለ አንድ ደላላ ደረቱን እየመታ። «ገና በሬው ሲንቀሳቀስ የሚያውቁ!» ስለ ቁመታቸው ተወራ፤ ስለ ደግነታቸው፤ ወንዶቹን እንዴት እንዳንበረከኩ። እግራቸውን ያነሳ አልነበረም። አንድ ምስጋና ቀርቶ ነበር፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ከዚያ ወዲህ ማዞሪያዋን ስነካ በሽተኛው እያየኝ ነው። «ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ዝም ብትል እግርዎ አይደለም» እላለሁ። ቃሉን ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሌላውን ግን ለማንም አልነገርኩም፤ እስከዚህ ነሐሴ ድረስ።

በነሐሴ ከቁሐር ሚካኤል አንድ ገበሬ ሚስቱን ስትሮክ እንደመታት ሰማሁ። አምጣት ብዬ ሰው ላክሁበት። መልሱ መጣ፤ «ትርንጎን ጠይቄያታለሁ። እናቷ ስትመላለስ ከርማ ምንም እንዳላገኘች ነግራኛለች። ለምን አንገላታታለሁ?»

በማግስቱ ወጣሁ። ባጃጁ ከአስፋልቱ ዳር ጥሎኝ ተመለሰ። ጫማዬን በእጄ ይዤ በጭቃው ገባሁ። ትርንጎ ሩዝ እያረመች ነበር፤ በወንፈል፣ ከሰዎች ጋር በመስመር ጎንበስ ብለው። እሷ ጫፍ ላይ ነበረች። አጠገቧ ደርሼ ውሃው ውስጥ ቆምኩ።

«ምነው፣ ደህና?» አለች ሳትቃና።

«የምነግርሽ አለ።»

«ንገሪኛ፤ እጄ እንጅ ጆሮዬ አልተያዘ።»

ነገርኳት። ማዞሪያውን፣ ለምን እንዳዞርኩት፣ ለምን እንዳልተናገርኩ። ያን ቀን እናቷ እንዴት አድርገው እንደሄዱ። ስጀምር አረሙን እየነቀለች ነበር፤ በመሐል እጇ ቆመ። ስጨርስ ቀና አለች። የነቀለችው አረም ከእጇ ውሃው ላይ ተንጠባጠበ።

«ባትሪው አልቆ ይሆናል ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ብለሽኛል።»

«ያኔ ብትነግሪኝ፣ በጀርባዬም ቢሆን አዝዬ መልሼ አመጣት ነበር።»

«አዎ።»

«እንዲያው አዎ ትያለሽ?» አለች። «ሌላ ቃል የለሽም አንች?»

ይቅር በይኝ ልል ፈልጌ ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። ወደ ሩዙ ዞረች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ «እኔስ?» አለች። «ከባጃጅ ስትወርድ አያት ነበር። ደህና አድርጋ ትረግጥ ነበር፤ አይቻለሁ። እንዳለች ናት አልኩ። ፊቷ ላይ እንዳለች ናት አልኩ፤ ሁልጊዜ።»

የሚያርሙት ሰዎች እየራቁን ነበር። አንዲቷ «ትርንጎ፣ መስመርሽ ቀረ!» ብላ ተጣራች። ትርንጎ በጭቃማ እጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

«ደህና ትሄድ ነበር?»

«ደህና ይሄዱ ነበር።»

«ጮክ ብለሽ በይው።»

«ትርንጎ...»

«በይው! አሁን የማን ዓይን ያገኛታል?»

በሕይወቴ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ከየት እንደሚወጣ እንኳ አላውቀውም ነበር።

«እትዬ እማዋይሽ ደህና አድርገው ይሄዱ ነበር!» አልኩ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ከሩዙ ውስጥ ቀና ቀና አሉ። ከወዲያ ጫፍ አንድ ሰውዬ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ምን አለች?» ብሎ ጮኸ።

«ድገሚላቸው» አለችኝ ትርንጎ፤ ፊቷን ሳታዞርልኝ ወደ አረሟ ጎነበሰች።

ደገምኩላቸው።